ደብረ ብርሃን፦ ዘንድሮ ለችግኝ የምናዋጣው ለሐምሌ ነው ወይስ ለጥር?

የበሬሳ_ልጅ (ግንቦት 6)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ታገሱኝ።

እኛ ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ አጠገብ ያለ ሰፈር ልጆች ነን። ከሰፈራችን በታች አንድ ቦረቦር አለ። ልጅ ሳለን ዘለን እንሻገረው ነበር። አሁን በሬ ቢገባበት በገመድ ካልሆነ አይወጣም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አይጠብቀውም። አምና ሐምሌ ላይ በጎ ፈቃደኞች ሰብስበን 280 ችግኝ ተከልንበት። ደስ የሚል ቀን ነበር። ዝናቡ እየወረደብን፣ እናቶች ቆሎ ይዘውልን መጥተው፣ ሁሉም ሰው እየሳቀ።

ጥር ላይ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼ «እስቲ ዛፋችንን አሳየን» አሉኝ። ወረድን። ቆጠርን። በሕይወት ያሉት 43 ናቸው። ከደረቁት አንዱን ሳብ ሳደርገው ጥቁሩ ላስቲክ አብሮ ወጣ። ከነላስቲኩ ነው የተተከለው። ሥሩ እዚያችው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተጠምጥሞ ቀርቷል። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ገንዘቡንም ልንገራችሁ። ያዋጣነው 31,000 ብር ነበር። 17,500ው ለቲሸርት ወጣ። 8,000 ለምሳና ለሻይ። 3,000 ለመኪና። የቀረችው 2,500 ለአካፋና ለዶማ። ችግኙ በነፃ ነው የተሰጠን። ከሐምሌ በኋላ ላለው ጊዜ አንድ ብር አልመደብንም። ማንም አልበላም፤ ደረሰኙ ሁሉ እጄ ላይ ነው። ያሰብነው ለአንድ ቀን ስለነበር ነው ያለቀው።

ዘንድሮ ይህን መድገም አልፈልግም። ገንዘቡን ከማን እንሰብስብ? ምን ላይ እናውጣው? መሬቱ የእኛ ስላልሆነስ ምን ወረቀት መያዝ አለብን? የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ችግኝ_ጣቢያ (ግንቦት 6)

ወንድሜ፣ ወጪውን ሳይቀር ዘርዝረህ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። እንዲህ የሚናገር ሰው ብዙ አላየሁም። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

ጉድጓዱ አሁን ነው የሚቆፈረው። ግንቦት ጊዜው ነው። ወርዱ 40፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር። የላዩን አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ከምሩት። ሲተከል የላዩ አፈር ወደ ሥሩ ይገባል። በተከላው ዕለት የሚቆፈር ጉድጓድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሰው ይቸኩላል፣ ዝናብ አለ፣ ተራ የሚጠብቅ አለ።

ላስቲኩ ደግሞ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደዳል። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ጫፉ ይቆረጣል። ለየአሥሩ ተካይ ምላጭ የያዘ አንድ ሰው መድቡ። የተቀደደው ላስቲክ ተሰብስቦ ይቆጠር። 120 ችግኝ ከወጣ 120 ላስቲክ መመለስ አለበት። አንዱ ከጎደለ ሳይመሽ ይፈለግ። ይቺን ብቻ ብታደርጉ ለውጡን ታዩታላችሁ።

ችግኙን በግንዱ አንጠልጥላችሁ አትያዙ፤ ላስቲኩን እቀፉት። ረጅም ችግኝ አትምረጡ። ጉልበት የማይደርስ፣ ግንዱ ጠንከር ያለ፣ ቅጠሉ ያልገረጣ ይበቃል። ረጅሙ ለፎቶ ያምራል እንጂ ሥሩ አይችለውም።

ደብረ ብርሃን ላይ ከሁሉ የሚከፋው ግን ውርጭ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ነው የሚፈሰው፤ ቦረቦሩ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ኮሶን ገላጣው ሥፍራ ላይ አትትከሉት። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፣ እውነት ነው፤ ሕፃን ሳለ ግን ጥላ የሚሆነው ነገር ይፈልጋል። ትከሻው ላይ ጽድና ወይራ ትከሉ። አፋፉ ላይ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ፣ ትሪሉሰርን ይሆናል፤ ቶሎ ያድጋል፣ ለበግ መኖ ነው፣ ንብ ትወደዋለች። ባሕር ዛፍ ወንዙ አጠገብ አታድርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦረቦሩን ሳታስሩ ዛፍ ብቻ ብትተክሉ ክረምቱ ሁለቱንም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ የድንጋይ ክትር፣ ከክትሩ ኋላ ደለል ሲተኛ ደሾ ሳር፣ ከዚያ ዛፍ። ብዙ አትትከሉ። 280ው ይቅርና 120 ይሁን።

ሰላም_ነኝ (ግንቦት 7)

እኔ አምና ከተከሉት አንዷ ነኝ። ቲሸርቱ አሁንም ቤቴ አለ። ላስቲክ ይቀደዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አራት ነው የተከልኩት፤ አራቱንም ከነላስቲኩ ይሆናል። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ዘንድሮ ምላጩን እኔ እይዛለሁ።

እውነቱን_እንነጋገር (ግንቦት 7)

ቅር አይበላችሁና አንድ ነገር ልበል። ሕዝቡ ኑሮው ከብዶታል። ዘይትና ጤፍ የሚገዛበት ያጣ ሰው ለመንግሥት መሬት ለምን ያዋጣል? በአገር ደረጃ በየዓመቱ ዘመቻ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ እያደገ ነው የሄደው። ያን ሁሉ ሰው የሚያንቀሳቅስ አካል እያለ አንድ ቦረቦር ለማዳን የሰፈር ሰው ኪስ ውስጥ መግባት ተገቢ አይመስለኝም። የተተከለው ስንት እንደሆነ እንሰማለን፤ ጥር ላይ ስንት እንደቆመ በየሰፈሩ ቢነገረን እኔም አዋጣ ነበር።

ጸሐፊው_ጋሼ (ግንቦት 8)

ልጆቼ፣ የዕድር ጸሐፊ ሆኜ 22 ዓመት አገልግያለሁ። እውነቱን እንነጋገር ላለው ልጅ መጀመሪያ ልመልስ። ልክ ብለሃል፤ ሰው ተቸግሯል። ግን ያ ቦረቦር የሚበላው የመንግሥትን ቤት አይደለም፤ የእኛን አጥር ነው። እኔ ባለሁበት ሰፈር እንዲያው ዓይናችን እያየ ሁለት ቤት መሠረቱ ተገልጧል። ስለዚህ «የማን ነው» እያልን አንጠብቅም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ኮሚቴ በሐምሌ ተወልዶ በመስከረም ይሞታል። ዕድር ግን አለ። የተመዘገበ ነው፣ የባንክ ደብተር አለው፣ በሦስት ፊርማ ነው የሚወጣው፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ሰው ለዕድር መክፈል ለምዷል፤ ከቀረ ይቀጣል፣ ያውቀዋል። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩና በቃለ ጉባኤ አስወስኑ። እኛ 160 አባል አለን። በወር 25 ብር ቢጨመር 4,000 ብር ነው። በአንድ ጊዜ 31,000 ከመለመን ይህ ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥር ላይም ይገባል፣ የካቲት ላይም ይገባል።

የዛፉን ገንዘብ ግን ከቀብሩ ገንዘብ ጋር እንዳትቀላቅሉት። የራሱ መዝገብ ይኑረው። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለችግኝ ወጣ የተባለ ቀን ዕድሩም ዛፉም አብረው ይፈርሳሉ። መክፈል ለማይችል ደግሞ ጉልበቱ ይያዝለት። አንድ ጠዋት ውሃ ያጠጣ ሰው የወሩን ከፍሏል ብላችሁ ጻፉ።

በገንዘቡ ጠባቂ ቅጠሩ። ከዚያ ከተረፈ ጀሪካን ግዙ። ቲሸርት አይገዛም።

የበሬሳ_ልጅ (ግንቦት 8)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድር በጭራሽ አልመጣልኝም ነበር፤ ለሐዘን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለአባቴ ነገርኩት። «እኛ ዕድር ምንጩን ያጎለበትነው እኮ በዚያው መዝገብ ነው» አለኝ። እሑድ ጉባኤ አለ፣ አቀርበዋለሁ። ቆይ ግን ጋሼ፣ በግ ያላቸው አባላት አሉ። ቦረቦሩ የበጎቻቸው መዋያ ነው። ከለከላችሁን ብለው እንዳይቃወሙ ፈራሁ።

የመንዝ_ልጅ (ግንቦት 9)

እዚህች ላይ እኔ ልግባ።

እኛ ጋ ጓሳ አለ። ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ያለበት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ቀሮ በሚባል የራሱ የጋራ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው። ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባም፣ ሳር አይታጨድም። የተባለው ቀን ሲደርስ ተከፍቶ ሰው እንደ ድርሻው ያጭዳል። ጓሳ የሚባለው ሳር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለሁሉ ይሆናል። ሰው የሚጠብቀው ስለተከለከለ ብቻ አይመስለኝም። ቀኑ ሲደርስ ድርሻ እንዳለው ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ በግ ያላቸውን ሰዎች አትከልክሏቸው፤ አስገቧቸው። በጉን ማለቴ አይደለም፤ ሰዎቹን። ቦታው ከንክኪ ነፃ ይሁን። በግ ካልረገጠው ሳሩ በአንድ ክረምት ወገብ ይደርሳል። ጥቅምት ላይ በመደብ በመደብ ከፋፍላችሁ ለበግ ባለቤቶቹ ሽጡላቸው፤ አጭደው ይውሰዱ። ማጭድ ከችግኙ አንድ ክንድ ይራቅ። በግ የነዳው ሳርና የታጨደው ሳር ብዛቱ አይገናኝም፤ እነሱም ይጠቀማሉ፣ ለጠባቂውም ደሞዝ ይገኛል። የእኛ አካባቢ ተራራዎች ላይ እንዲህ ነው የሚሠራው።

እኔ እንዲያውም ገንዘብ ከመለመናችሁ በፊት ይህን አድርጉ እላለሁ። መሬቱ ራሱ ይክፈል። ሌላም አለ። ከዘጋችሁት በኋላ ያልተከላችሁት ዛፍ ይበቅላል። የተቆረጠ ወይራ ጉቶ ያቆጠቁጣል። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ የለበሰው በአብዛኛው ችግኝ ተተክሎ አይደለም፤ ከብትና መጥረቢያ ተከልክሎ፣ ከጉቶው የወጣው ቡቃያ እየተመረጠና እየተገረዘ ነው። እዚያ ገበሬዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ፤ ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብም አግኝተዋል። የናንተ ቦረቦር ለካርቦን ያንሳል፤ ለሳር ግን ይበቃል።

ወረቀት_ይኑር (ግንቦት 10)

ስለ ወረቀቱ የጠየቅከውን ማንም ስላልመለሰልህ ልጻፍልህ፤ ይህ እኔን አቃጥሎኛልና።

እኔ ባለሁበት ከተማ ሦስት ዓመት የተንከባከብነው ዛፍ ነበር። የተሰጠን ፈቃድ የቃል ነበር፤ «አዎ ትከሉ፣ ጥሩ ነው» ተባልን። አንድ ማክሰኞ ዶዘር መጣ። መንገድ ይወጣበታል ተባለ። የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም። ዛፎቹ ከእኔ ቁመት በልጠው ነበር። ያን ቀን ያለቀሱ ሕፃናት አሁን «ኑ እንትከል» ብላቸው አይመጡም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ጠይቁ። አረንጓዴ ከሆነ እሰየው። መንገድ ወይም ሕንፃ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ልባችሁ ቢያዝንም። ከዚያ በዕድሩ ስም ማመልከቻ አስገቡ። ደብዳቤው ላይ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ አዋሳኙ በአራቱም አቅጣጫ፣ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ማኅተምና ቁጥር ይኑረው። ሳሩንና የተገረዘውን እንጨት ማን እንደሚጠቀም ይገለጽበት፤ ኋላ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደን የሚባል ባለቤትነትን ያውቃል። ያን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ኮፒውን ሦስት ሰው ቤት አስቀምጡ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ግንቦት 11)

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እናቴ ቤት ከበሬሳ ድልድይ ብዙ አይርቅም። ቦረቦሩን አውቀዋለሁ።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ መንገድ ዳር አዲስ ዛፍ ሲተከል ግንዱ ላይ አረንጓዴ ከረጢት ያስሩበታል። ከረጢቱ ውሃ ይሞላል፣ ከሥሩ ባሉ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ኬሲ ትሪስ የሚባል በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ድርጅት አለ። ቤትህ ፊት ለፊት አዲስ ዛፍ ካለ ዝናብ በሌለበት ሳምንት 25 ጋሎን፣ 95 ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ አጠጣው ብለው ይቀሰቅሳሉ። እኔ ታክሲ ስነዳ እነዚያን ከረጢቶች ሳይ የእኛ ችግኞች ትዝ ይሉኛል። ዛፉን ተክለው አይሄዱም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ሐሳብ አለኝ። ኬንያ ውስጥ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ ይከፍል የነበረው ተተክሎ ለጸደቀ ችግኝ ነበር፤ ለጸደቀ። እኛም እንደዚያ እናድርግ። እዚህ ያለን የደብረ ብርሃን ልጆች በአንድ ላይ የምንልከውን በሁለት እንክፈለው። ግማሹ አሁን ለጀሪካንና ለክትር ይሁን። ግማሹ ጥር ላይ፣ ቆጥራችሁ ስትነግሩን። ከጠባቂው ደሞዝ በተጨማሪ ደግሞ ሰኔ ላይ ቆሞ ለተገኘ ለእያንዳንዱ ችግኝ 20 ብር ጉርሻ እኔ በግሌ እችላለሁ። ቁጥሩ ቢያንስም ንገሩን። ካነሰ ለምን እንዳነሰ አብረን እናያለን፤ ገንዘቡን አንቀማም።

ቲቸር_ጫጫ (ግንቦት 12)

ቲሸርቱን እንዲህ አትጥሉት። ተማሪዎቼ አምና የመጡት ለቲሸርቱ ነው፤ ብዙዎቹ ያን ቀን ነው መጀመሪያ ዶማ የያዙት። ለ15 ዓመት ልጅ አብሮን እንደሠራ የሚያሳይ ነገር ያስፈልገዋል። ቲሸርቱ ይቅር ካላችሁ ግን ችግኙን ለልጁ በስሙ ስጡት። በእንጨት ላይ ቁጥር ተቀብቶ፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ከስሙ ጋር ይጻፍ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ያየዋል። ውርጭ ሲመጣ የገለባ ጎጆ የሚሠሩለት እነሱ ናቸው፤ ለዚህ የእኔ ክፍል ልጆች አሉላችሁ።

ችግኝ_ጣቢያ (ግንቦት 12)

የቲቸር ሐሳብ ደስ ይላል። የገለባው ጎጆ እንዲህ ነው፦ ሦስት እንጨት ዙሪያውን ተክሎ አናቱ ላይ ማሰር፣ በሦስት ወገን ገለባ ወይም ሳር ማልበስ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ወገን ግን ክፍት መተው። ከሥሩ ሳር አንጥፉ፤ ከግንዱ አራት ጣት ይራቅ እንጂ።

እውነቱን እንነጋገር ያለው ወንድሜም ያነሳው ጥያቄ እውነት ነው። ለዚህ ነው ጥር ላይ የቆጠራችሁትን ቁጥር እዚሁ መጻፍ ያለባችሁ።

የበሬሳ_ልጅ (ሐምሌ 19)

ዛሬ ተከልን። ጉባኤው ተስማምቷል። 25 ብሩ አልፏል፤ ሁለት ሰው ብቻ ተቃወሙ፣ ሁለቱም በጉልበት ገቡ። ደብዳቤው ከስድስት ሳምንት መመላለስ በኋላ ወጣ፤ ዘመኑ 10 ዓመት ነው። አምስት የድንጋይ ክትር ሠራን፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር፣ ድንጋዩን ያመጣነው በአህያና በጫንቃ ነው።

120 ችግኝ አወጣን። ሰላም ምላጯን ይዛ ስትዞር ዋለች። ማታ ላስቲኩን ቆጠርን፤ 119። እንደገና ቆጠርን፤ 119። ዝናቡ ጥሏል፣ ሊመሽ ነው፣ ሰውም ደክሟል። ሰላም «አልሄድም» አለች። ችግኙን አንድ በአንድ አፈሩን በእጃችን ዳሰስን። 74ኛው ላይ አገኘነው። አንድ ትንሽ ልጅ ብቻውን ተክሎት ነው። አውጥተን፣ ቀደን፣ መለስነው። ልጁም አብሮን ነበር።

እውነቱን_እንነጋገር (ሐምሌ 20)

74ኛውን ሳነብ ቤቴ ተቀምጬ መጻፌ ከበደኝ። እኔም ደብረ ብርሃን ነኝ፤ አልተናገርኩም እንጂ። የማጠጣት ተራ ስታወጡ ስሜን ጻፉ።

የበሬሳ_ልጅ (ጥር 14)

እንደተስማማነው ቆጠራው ይኸው። ትናንት ጠዋት ከቲቸር ተማሪዎች ጋር ነው የቆጠርነው፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን «አለ» ወይም «የለም» እየጻፉ።

ከ120 በሕይወት ያለው 91 ነው። ጽዱ ከ50 አንድም ሳይቀር ማለት ይቻላል፣ 47 አለ። ወይራው ከ30 ውስጥ 24። ትሪሉሰርኑ ከ20 ውስጥ 14፤ ስድስቱ ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ነበሩ፣ ጣቢያ ነግሮን ነበር፣ አላስተዋልንም። ኮሶው ከ20 ውስጥ 6 ብቻ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በሦስት ሌሊት ነው ያለቀው። ከትሪሉሰርን ሥር የተጠለሉት ናቸው የተረፉት። 74ኛው ጽድ ነው። አለ።

ሳሩን ጥቅምት ላይ በ12 መደብ ሸጥነው። 9,600 ብር አስገባ። ለጠባቂው ሁለት ወር ከሃያ ቀን ደሞዝ ሆነ፤ የቀረው ከዕድሩ መዋጮ ነው። መጀመሪያ ከተቃወሙት አንዱ ሰውዬ ሁለት መደብ ገዙ። አሁን የሰው በግ ሲገባ ከጠባቂው ቀድመው የሚጮኹት እሳቸው ናቸው። ከሁለተኛው ክትር በላይ ደግሞ ያልተከልነው የወይራ ቡቃያ ከአሮጌ ጉቶ ወጥቷል። ዙሪያውን በድንጋይ ከበብነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን፣ መዝገቡን ፎቶ አንስቼ በውስጥ ልኬልሃለሁ። በኮሶው ፋንታ በሚመጣው ሐምሌ ምን እንትከል የሚለውን ጣቢያና ቲቸር እየተነጋገሩበት ነው፤ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ።

የበሬሳ ውሃ ቀንሷል። አህያዋ በአንድ ጉዞ አራት ጀሪካን ነው የምትይዘው፤ ለ91 ችግኝ በሳምንት 46 ጀሪካን ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተራው ከድልድዩ ወዲህ ላለነው ነው። ተጨማሪ አህያ ያላችሁ ወይም ጋሪ የምታበድሩ ካላችሁ ዓርብ ማታ ድረስ ንገሩኝ።